ከደፉ ወዲህ

ዳቦ ጋጋሪዋ ደፏን ያለፈ ሁሉ የእግዜር እንግዳ ነው ባይ ናት። ሥጋ ሻጩ ወንድሟ ሁሌም ይስቅባታል፤ «እህትዬ፣ አንቺ እኮ ሰይጣን ቢመጣ ትኩስ ዳቦ ትቆርሺለታለሽ» ይላታል። እሷም፣ «ክርስቶስ በማን መልክ እንደሚመጣ በምን አውቄ?» ትለዋለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የማታውቀው ሰው ጭንቅላቱ ተፈንክቶ እየሮጠ ገባና ዱቄት ጆንያው ላይ ወደቀ።

«አድኚኝ እናቴ!»

የሰፈሩ ዘበኛ በስለት ተወግቶ ሞቶ አድሯል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሰፈርተኛው ፀጉረ ልውጥ ያለውን ሁሉ እያሳደደ ይቀጠቅጣል። ይኼኛው ይግደል አይግደል የጠየቀ የለም። እሷም አልጠየቀችም። በሩን ቀረቀረች፣ ጭንቅላቱን በመሀረቧ አሰረችለት፣ ዳቦ አቀረበችለት።

ገና ሳይቀምሰው በሩ ተገነጠለ። ፊት ፊት የገባው የገዛ ወንድሟ ነው፣ የሥጋ ቢላዋውን ጨብጦ። ሟቹ የልብ ጓደኛው ነበር፤ ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ዞር በይ!»

«እንግዳዬ ነው። አትነካውም!»

በጥፊ አጮላት። ከመደርደሪያው ጋር ተላተመች፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ተነስታ መሀል ገባች፤ ደገማት። ከህመሙ ይልቅ የመታት እጅ የወንድሟ መሆኑ አንገበገባት።

እንግዳውም እጁን አጣጥፎ የሚታረድ አልነበረም። ከምድጃው የጋለውን መቆስቆሻ መዞ የወንድሟን ቀኝ ክንድ ቀለጠመው። አጥንቱ ቀጭ አለ፣ ቢላዋው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። በር ላይ ሲፎክሩ የነበሩት ጀግኖች ሁሉ እግሬ አውጪኝ አሉ። እንግዳው ብረቱን በተንበረከከው ሰው አናት ላይ ዳግመኛ አነሳ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ወንድሟ ላይ ተደፋችበት። የጋለው ብረት ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ልብሷና ቆዳዋ አብረው ተንጨረጨሩ። ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው።

«ምን ነካሽ? ሊገድልሽ እኮ ነው!» አለ እንግዳው።

«እሱም ደፌን አልፎ ገብቷል» አለች ጥርሷን ነክሳ። «እሱም እንግዳዬ ነው። ይልቅ ክንዱን እሰርለት።»

ሰውየው ብረቱን ጣለ። የራሱ ቁስል የታሰረበትን መሀረብ ፈትቶ፣ ደሙ በፊቱ እየወረደ፣ ወደ ወንድሟ ጎንበስ አለ። ይኼኔ ወንድሟ በግራ እጁ ቢላዋውን አፈፍ አደረገ። እሷ ከዚህ በኋላ የምትነሳበት ጉልበት አልነበራትም።

ወንድሟ የተቃጠለ ትከሻዋን አየ። ቢላዋውን አዙሮ እጀታውን ወደ እሷ ዘረጋላት።

«እህትዬ» አለ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ፣ «በይ ለሰይጣኑ ወንድምሽም ዳቦ ቁረሺለት።»