ሽጉጥ ያማዘዘው ሾርባ

ኑ፣ ቀረብ በሉና ተቀመጡ። አንቺ ያንን ትራስ ወዲህ አቀብይኝ፤ አንተም እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት። ዛሬ የማወራላችሁ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እዚህ ሳሎን ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፊልም እናይ ስለነበረበት ጊዜ ነው። ቴሌቪዥኑ ያኔ እንደ አሁኑ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ቀጭን ነገር አልነበረም። ከኋላው የተቆዘረ ሆድ ነበረው፤ ሲግል ደግሞ የካውያ ሽታ ይሸት ነበር። ታላቅ ወንድም ነበረው አያታችሁ። ጋሼ ነው የምንለው፤ እናንተ አልደረሳችሁበትም።

አያታችሁን ታውቁታላችሁ፤ ፀጉር አስተካካይ ነውና ዝም ማለት አይሆንለትም። ጋሼ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ለበሽተኛ ሲያበስል የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ስትሞትበት ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ልንጠይቀው ስንሄድ በሩን ገርበብ ያደርግና «ደህና ነኝ» ይለናል፤ ምድጃው ግን ከቀዘቀዘ ሰንብቷል። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲመግብ የኖረ ሰው ለራሱ እንቁላል መጥበስ አቃተው። አንድ ቀን አያታችሁ ተናደደና ሻንጣውን በአንድ እጁ፣ ወንድሙን በሌላ እጁ ይዞ መጣ።

«እኔ ጋ ትኖራለህ፤ አለቀ!»

መጣልን፤ ግን አንደበቱን እዚያው ጥሎት የመጣ ነበር የሚመስለው። ከማዕድ ሲነሳ «ተመስገን»፣ ሊተኛ ሲል «ደህና እደሩ»፤ ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም። ከምግቡም የሚቀምሰው እኔን ላለማስቀየም ያህል ነው።

እንዲህ ከርመን አንድ ቅዳሜ አንድ የድሮ ፊልም ይታያል። ቋንቋው የባዕድ ነው፤ ከመካከላችን የሚሰማው የለም። ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ቆይተው ድንገት ሽጉጥ ተማዘዙ።

«እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚንጨረጨሩት?» አለ አያታችሁ፣ ማንንም ሳይጠይቅ።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሾርባው ቀዝቅዞ ቀርቦለት ነው።»

ሁላችንም ዞር ብለን አየነው።

«የምን ሾርባ?»

«ባለ ሪዙ ያቀረበለት ነዋ። 'ቀዝቃዛ ሾርባ የሚያቀርብ ሰው አላምንም' እያለው ነው።»

«ለሾርባ ብሎ ሽጉጥ?»

«አንተ ሆስፒታል ሠርተህ አታውቅም» አለው ጋሼ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ የውጭ ሐኪሞች ስለነበሩ ቋንቋውን ከእነሱ ለምዶት ነበር። ለምዶት ስላችሁ ታዲያ ለሥራው ያህል ነው፤ ጨው፣ ትኩስ፣ ቀዝቃዛ፣ ቢላዋ፣ «ትንሽ ጨምርልኝ»። ከፊልሙ አንዷን ቃል ለቀም ያደርግና የቀረውን ራሱ ያበስለዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት የታየ ፊልም ሁሉ ማድ ቤት ገባ። ጄኔራሎቹ ካርታ ላይ አጎንብሰው ሲመካከሩ፣ ለካ የሚመካከሩት ዳቦው ለወታደሩ ሁሉ ይዳረስ እንደሆነ ነው። መርከብ የሰመጠው ወጥ ቤቱን ሳያማክሩት ስለተነሱ ነው። ወንድና ሴት ሲሳሳሙ ደግሞ፣ እናታችሁ ያኔ ትንሽ ልጅ ሆና አጠገባችን ስለምትቀመጥ፣ «ተሰናበታት» ይለናል። ሰውዬው ግን የትም አይሄድም። ትንሽ ይቆይና እንደገና ይሰናበታታል። እናታችሁ እዚያ አገር መለያየት እንዴት ቢከብዳቸው ነው እያለች ታዝንላቸው ነበር።

አንዴ አምና ያየነውን ፊልም ደግመው አሳዩት፤ ጋሼ አንዱን ሰውዬ የልጅቷ ባል ነው አለን።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ አምና አጎቷ ነበር እኮ!» አለ አያታችሁ።

«አምና ገና አልተጣራም ነበር» አለ ጋሼ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

እኔ ወደ ማድ ቤት ሮጬ በፎጣ አፌን አፈንኩ። አያታችሁ ተከትሎኝ መጣና ሁለታችንም ግድግዳ ተደግፈን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እየፈጠረ እንደሚነግረን አወቅን፤ ግን ማን ይናገራል? ሰውዬው እየበላ ነው፣ እየተጫወተ ነው። ገና ሐሙስ ሲሆን «ሙሽሪት፣ የቅዳሜው ምን ይሆን?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከተጋባን ጀምሮ ለሱ ሙሽሪት እንደሆንኩ ቀርቻለሁ።

እናታችሁ አደገች፣ ነርስ ሆነች፤ አንድ ቀን የምታገባውን ሰው ቅዳሜ ምሳ ልትጋብዝ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ቋንቋ አስተማሪ ነው።»

«የቱን ቋንቋ?»

ስትነግረኝ፣ ለካ ያው የፊልሞቹ ቋንቋ ነው፤ የያዝኩትን ሰሃን አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? አስተማሪ መሆን ነውር ነው እንዴ?»

«በሌላው ቀን አይደለም። ቅዳሜ ግን ነውር ነው።»

«ሌላ ቀን አይመቸውማ!»

«እንግዲያው ቶሎ ይብላና ቶሎ ይሂድ።»

ምን አስፈራሽ ትሉኝ ይሆናል። ጋሼ ኩሩ ሰው ነው። በሰው ፊት ካፈረ ሻንጣውን አንስቶ ወደዚያ ቀዝቃዛ ምድጃ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ተመልሶ ከሄደ ደግሞ ዳግመኛ የሚያወጣው የለም።

አባታችሁ መጣ፤ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ፣ ጫማው እንደ መስተዋት እያብለጨለጨ። ምሳው እንዳለቀ አያታችሁን ጠቀስኩት። ክንዱን ያዘው።

«ና እስቲ፣ ጓሮ ወጥተን ፀጉርህን ላስተካክልልህ።»

«ትናንት ነው የተስተካከልኩት።»

«ማነው የቆረጠህ? በድሎሃል እኮ!»

አማቱ የሚሆነውን ሰው እንዴት እምቢ ይበለው? አንገቱ ላይ ፎጣ ተጠመጠመለት። አንደኛው ወገን ተቆርጦ ሳያልቅ ግን ጋሼ ከሳሎን ተጣራ። «እንግዳውን የት ወሰዳችሁት? ፊልሙ ሊጀምር ነው! አምጡት!»

ምን ይደረግ፣ በግራ በኩል ተላጭቶ፣ በቀኝ በኩል ጎፍሮ፣ ከነፎጣው ገብቶ ተቀመጠ።

የዚያን ዕለቱ ፊልም ትልቅ ቤትና ረጅም ደረጃ ያለው ነው። አንዲት ሴት ወረቀት ከያዘ ሰውዬ ጋር ትከራከራለች። ጋሼ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለና ጀመረ። «ይቺ የቤቱ እመቤት ናት። ዳቦው አሮባታል። 'እሳቱን ማን ነው ያበዛው?' እያለች...»

የአባታችሁ ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። እናታችሁ በክርኗ ጎሰመችው። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ የተማሪ ስህተት ሲያርም የሚውል ሰው ነው፤ አላስችለው አለ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ስለ ዳቦ አይመስለኝም። ስለ ውርስ ነው የሚያወሩት። ሰውዬው ጠበቃ ነው።»

ጋሼ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ አባታችሁን አየው።

«ጠበቃ ነው?» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«እንግዲህ የተማረ ሰው ካለ እኔ ምን አደክማችኋለሁ። ቀጥል፣ ልጄ።»

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አባታችሁ የምሩን ጋበዘኝ ብሎ ቃል በቃል ይተረጉም ጀመር። «በውሉ መሠረት ሁለተኛው ወገን የመጀመሪያውን ወገን...»

«ማነው ሁለተኛው ወገን?» አለ አያታችሁ።

«ሴትየዋ ናት።»

«ታዲያ ሴትየዋ በለና! እንቅልፌ መጣ እኮ!»

በዚህ መሃል ጋሼ ተነሳ። ብርድ ልብሱን እንደሚሄድ እንግዳ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረና ወደ ክፍሉ ገባ። ወዲያው የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ ሲል፣ ሻንጣው ከአልጋ ሥር ሲጎተት ሰማሁ።

እናታችሁ በአባታችሁ ላይ ተነሳችበት። «ምን አደረግህ አንተ!»

«እውነቱን ነው እኮ የተናገርኩት!»

«እውነት የጠየቀህ ሰው አለ?»

«ወንድሜ ከዚህ ቤት ከወጣ» አለ አያታችሁ፣ «አንተንም እንዲሁ ከነግማሽ ፀጉርህ ነው የማስወጣህ!»

አባታችሁ ሁላችንንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ሄዶ የጋሼ በር ላይ ቆመ። እኔም ከኋላው ቆምኩ።

«ጋሼ» አለ፣ «ሴትየዋ ማልቀስ ጀምራለች። የምትለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደምታለቅስ ግን አልገባኝም።»

ይሄን የምሩን ይሁን ዘዴ ይሁን እስከ ዛሬ ጠይቄው አላውቅም።

ጋሼ ሸሚዝ በእጁ እንደያዘ ቆመ። «ምንድን ነው የምትለው?»

«'መስኮቱን ዝጉልኝ' ነው የምትለው።»

«መስኮቱን ዝጉልኝ ብላ ታለቅሳለች?»

«አዎ።»

«የማድ ቤቱን መስኮት ነው?»

«እሱን እንኳ አልተናገረችም።»

«እንዴት አይገባህም ታዲያ! የማድ ቤቱ ካልሆነ ምን ያስለቅሳታል? ባሏ የሚወደውን ነገር አብስላ እየጠበቀችው ነው። ቀረባት። መስኮቱ ከተከፈተ ሽታው ይወጣል። ሽታው ከወጣ ሰውዬው በምን ቤቱን ያገኘዋል?»

ሸሚዙን አልጋው ላይ ጣለና እኔንም እሱንም ገፋ አድርጎን ወደ ሳሎን ገሰገሰ። አባታችሁ ከኋላው ተከተለ።

«ጠበቃውስ፣ ጋሼ?»

«ጠበቃው ርቦታል። አታየውም እንዴ ሲንቆራጠጥ? ና እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ፤ ቃሉን አንተ አቀብለኝ።»

እሱ ቃሉን አቀበለ፣ ጋሼ አበሰለ። እንደዚያ ቅዳሜ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም። ውሉ፣ ወራሹ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ሁሉም ከአንድ ድስት ወጣ። አያታችሁ እንቅልፉ ጠፍቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ እናታችሁ ሳቋን ለመዋጥ ትራስ ትነክሳለች። እኔ ቀስ ብዬ ሹልክ አልኩና ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩ። አልቸኮልኩም፤ በሩን ክፍት አድርጌ ድምፃቸውን እየሰማሁ ነበር የምሰቅለው።

ጋሼ ዕድሜው እስኪያልቅ አብሮን ኖረ። ፎቶግራፉን አይታችሁታል፤ ፎቶው ግን ኮስተር ያለ ሰው ነው የሚያሳያችሁ። ፊልም ሲነግረን ቀኝ እጁ እንደ ማማሰያ አየሩን ያዞረው ነበር፤ ታሪኩ ሲከር ቶሎ ቶሎ፣ ሲረጋ ቀስ ብሎ። ሌላውን ብትረሱትም ያቺን እጁን አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።