የሾላ ገደል መርዶ

አለቃዬ አቶ ይሄይስ «ከፊል ጉዳት» የምትለዋን ቃል ይወዷታል። ጣሪያው የተገነጠለ ቤት እንኳ በእሳቸው አፍ «ከፊል ጉዳት» የደረሰበት ነው። ስለዚህ የነሐሴ ዝናብ ከቡሬ በታች ያለውን፣ እንግዶች ፏፏቴ ሊያዩ የሚመጡበትን የሾላ ገደል ንዶ፣ ከፏፏቴው አጠገብ የነበረውን ትልቅ ሾላ ይዞት ሲወርድ፣ ፍኖተ ሰላም ያለው የቱሪዝም ቢሯችን ምን እንደሚል ሳይነገረኝ አውቄው ነበር።

«ያምሮት፣ አሮጌውን ፎቶ ለጥፊና ‹ከፊል ጉዳት ቢደርስም እንግዶቻችንን በመስከረም እንጠብቃለን› በይ» አሉኝ። «ዘንድሮ ከቀሩ በዚያው ይቀራሉ።»

«ገደሉ እኮ ገና አልረጋም። አሁንም አፈር እየለቀቀ ነው። ሰው ቆሞበት ቢናድስ?»

«እስከ መስከረም ይረጋል። ነገ ጠዋት ይውጣ።»

ጻፍኩት። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ ነው። ፎቶውን ስከፍት ግን ዓይኔ እዚያች ወደ ወንዙ የጎበጠች የሾላው ሥር ላይ አረፈ። እናቴ «ወንበሬ» ትላት ነበር። በየእንቁጣጣሹ እዚያች ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ፣ የበቆሎ እሸት ትግጥና ቆረቆንዳውን አባቴ ጀርባ ላይ ወርውራ ትስቃለች። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተች። ከዚያ ወዲህም ከአባቴ ጋር በየዓመቱ እንሄዳለን፤ ግን ሁለታችንም እዚያች ሥር ላይ ተቀምጠን አናውቅም። ለእሷ እንተውላታለን።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከዱርቤቴ ደውለው «ዝናቡ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው» ብያቸዋለሁ። መናገር አቃተኝ።

ጽሑፉን በጻፍኩ ማግስት ገና ሳይነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አባቴና አከራዬ ወይዘሮ ውቢት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ለካ አባቴ ማታ ገብተው፣ እኔ እንዳላያቸው አከራዬ ዘንድ ነው ያደሩት። በአገራችን በዚያ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው የሚይዘው ወሬ አንድ ነው።

«ማን ሞተ?»

«መጀመሪያ ቅመሽ» አሉኝ አባቴ። በሰፈራቸው መርዶ ነጋሪ እሳቸው ናቸው፤ ሰውን በባዶ ሆዱ አያረዱም። ወይዘሮ ውቢት ያመጡትን ቂጣ በሻይ እያማግሁ ጨረስኩ። ያኔ አባቴ እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ የእናትሽ ሾላ ወድቋል። ወንበሯም አብራ ሄዳለች። የቡሬ ሹፌር ቢነግረኝ ትናንት ሄጄ በዓይኔ አየሁት። ቦታው ባዶ ነው።»

ሳቄ ሊመጣ ነበር። «አባየ፣ ለአገር ምድሩ የማወራው እኔ አይደለሁ? ከሰማሁ እኮ ሰነበትኩ!»

«እሱንስ ቢሮሽ ሰምቷል» አሉ አባቴ። «ላንች ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም። አለቀስኩ፤ ለሾላው፣ ለወንበሯ፣ ለእናቴም እንደ አዲስ። አባቴ እጄን አልለቀቁም። ወይዘሮ ውቢት አይተውት ለማያውቁት ዛፍ አብረውኝ አነቡ።

ቢሮ እንደገባሁ የትናንቱን አጠፋሁት። በአሮጌው ፎቶ ፋንታ የተናደውን ገደል አደረግኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሾላ ገደል ሾላ ወድቋል። የለም። ገደሉ ስላልረጋ በመስከረም አትምጡ፤ ሲረጋ እኛው እንጠራችኋለን። እስከዚያው ሾላው ሥር የተነሣችሁት ፎቶ ካለ ላኩልን፤ አብረን እንየው።»

አቶ ይሄይስ ከጀርባዬ ቆመው አነበቡት። «ይህን አይቶ ማን ይመጣል?»

«አሁን ማንም እንዳይመጣ ነው። ኋላ የሚመጣው ግን አምኖን ይመጣል።»

ደግመው አነበቡት። ፊታቸው ጠቆረ፤ እሳቸውም የቡሬ ልጅ ናቸው፣ ሾላውን ከልጅነታቸው ያውቁታል።

«በይ እንግዲህ ለጥፊው። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሰው ቁርሱን ይብላ» አልኳቸው።

አቶ ይሄይስ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።