ከድልድዩ ሥር የምትኖረው ድመት

ድልድዩ አርጅቷል ማለት ለድልድዩ ማዘን ነው። ካረጀ ቆይቶ፣ አሁን በሰው ይሉኝታ ነበር የቆመው። ብረቱ ዝጓል፣ ሳንቃው ተሰነጣጥቋል፣ ከሳንቃው ውስጥ ደግሞ ሚስማሮቹ አንገታቸውን ብቅ አድርገው የሚያልፈውን ጎማ ሁሉ ይጠብቃሉ። እነዚህን ሚስማሮች ከልቡ የሚወድ ሰው በአካባቢው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከድልድዩ ጫፍ ላይ በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ ያለችው ጎሚስታ ነው።

ሰውየው ክፉ አይደለም። መንገድ ላይ ሚስማር ዘርቶ አያውቅም፤ ይህን ሊምልላችሁ ይችላል፣ ሌላውን ነገር ግን ባታስምሉት ይሻላል። ጥፋቱ ያየውን ሚስማር አለመንቀሉ ብቻ ነው። አንዱ መኪና ድልድዩን ተሻግሮ ጎማው መተንፈስ ሲጀምር ጎሚስታው ክሪኩን ይዞ፣ ፊቱን አሳዝኖ ይወጣል። ምን ይሻላል ይሄ ድልድይ ይላል። ባለመኪናውም ምን ይሻላል ይላል። ከዚያ ጎማው ይፈታል።

ችግሩ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው። ሚስቱ በወንዙ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። አምቡላንስ በክብደቱ ምክንያት ድልድዩ ላይ እንዳይወጣ ከተከለከለ ወዲህ ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ ከመኪና ወርዳ በቃሬዛ ነው የምትሻገረው። ስለዚህ አዲስ ድልድይ ይሠራልን ብላ ከቤት ቤት እየዞረች ሰው ያስተባበረች፣ ኃላፊዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት በጓሮ በር መውጣት እስኪጀምሩ ድረስ የነዘነዘች እሷ ናት። ባሏም ከሁሉም ቀድሞ ፈርሞላታል። ፈርሞ ሲያበቃ ግን እጁን የታጠበው ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ነበር።

ድልድዩ ከተቀየረ ሱቁ አለቀላት። ይህን ለማንም መናገር አይችልም፤ የምኖረው በእናንተ ጎማ መፈንዳት ነውና ድልድዩ ይቆይልኝ ብሎ ለጎረቤት እንዴት ይነገራል? ለሚስቱማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። የእሷም ብስክሌት ከሚስማሮቹ አላመለጠችምና ጎማዋን ሲለጥፍላት ቀና ብሎ አያያትም።

በመጨረሻ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ እሺ አለ። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ግን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ይደረጋል ተባለ። አዲሱ ድልድይ ውሃውን፣ ዛፉን፣ አውሬውንና ሰውን ይጎዳ እንደሆነ የሚያጠና ባለሙያ ይመጣል ማለት ነው። የመጣችው ቦት ጫማ ያደረገች፣ የሩቅ ማያ መነጽር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ናት። ሥራዋን የጀመረችው ድልድዩን በመኪና በመሻገር ስለነበር በዚያው የጎሚስታው ደንበኛ ሆነች።

ጎማዋ እስኪለጠፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥያቄዋን ጀመረች። ሚስትየዋም ከሥራ ስትመለስ ብስክሌቷን አቁማ ታዳምጣለች። ድልድዩ ቢቀየር የሚጎዳ ሰው አለ ወይ፣ ሥራው የሚቀርበት፣ ቤቱ የሚነሳበት፣ ብላ ባለሙያዋ ጠየቀች። ጎሚስታው በአንድ እጁ ጎማዋን፣ በሌላው ከጎማዋ የነቀለውን ሚስማር እንደያዘ ሚስቱን አየ። ሚስቱም ፈገግ ብላ አየችው።

"ማን ይጎዳል?" አለ። "ሁላችንም ደስ ብሎን ነው።"

ሚስቱ በዚህ ረክታ ወደ ቤት ሄደች። ባለሙያዋ ደግሞ ወደ አውሬው ዞረች። ከድልድዩ ሥር ብዙ የማይገኝ እንስሳ የሚኖር ከሆነ እሱ ተጠንቶ እስኪያልቅ ግንባታው እንደሚቆይ፣ ጥናቱም ዓመታት ሊወስድ እንደሚችል አስረዳችው። ጎሚስታው ዓመታት የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ ዘለለች፤ ምላሱም ከልቡ ጋር ዘለለች።

"አውሬ እንኳ... ያቺ ድመት አለች።"

"የምን ድመት?"

"የወንዝ ድመት ነው የምንላት።"

እንላታለን የሚሉት እነማን እንደሆኑ ራሱም አያውቅም። ባለሙያዋ ምን እንደምትመስል ስትጠይቀው ግን ምንም አላጎደለባትም። ጭራዋን ከጎረቤት ውሻ፣ ጢሟን ከአማቱ ወሰደላትና ሙሉ እንስሳ አድርጎ አስረከባት።

ነገሩ በዚያው ቢቀር ኖሮ ምንም አልነበረም። ባለሙያዋ በማግስቱ ባለወፍጮውን ጠየቀች። ባለወፍጮው ከተወለደ ጀምሮ አላውቅም የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። የወንዝ ድመትማ እንዴት አላውቃትም፣ አያቴም ያውቋት ነበር አላት። ወሬው እስከ ማታ መንደሩን አዳረሰ። ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴትዮ ሳሙናዬን የበላችው ለካ እሷ ናት አለች። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ከባለወፍጮው ላለማነስ፣ ሁለት ሆነው አይቻቸዋለሁ አለ። ጎሚስታው ራሱ ድልድዩን ሲሻገር ጎንበስ ብሎ ውሃውን ማየት ጀመረ።

ባለሙያዋ ወሬ ብቻውን አይበቃም፣ ዱካ ማየት አለብኝ ስትል ደግሞ ሰውየው ወደ ሙያው ገባ። ከአሮጌ ጎማ ላይ ባለ አምስት ጣት እግር ቆረጠ፣ ዱላ ላይ ቸነከረው፣ ጎህ ሲቀድ ወርዶ በወንዙ ዳር ጭቃ ላይ ከወዲያ ወዲህ አስረገጠው። ወጥቶ ከድልድዩ ላይ ቁልቁል ሲያየው በእጁ ሥራ ኮራ። ጎማ ከመለጠፍ ውጭ ሌላ ተሰጥኦ እንዳለኝ ማን ያውቅ ነበር ብሎ አሰበ።

ባለሙያዋ መጣች። ቁጢጥ ብላ ዱካውን እያንዳንዱን አየች። ጄሶ በጥብጣ አፈሰሰችበትና ሲደርቅ አነሳችው፤ ገለበጠችው፤ አሁንም አየችው።

"የሚገርም እንስሳ ነው" አለች ከንፈሯን ነክሳ። "እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።"

ጎሚስታው በደስታዋ ብዛት ነው ከንፈሯን የነከሰችው ብሎ ገመተ።

ድልድዩ በድመቷ ምክንያት ሊቆይ ነው የሚለው ወሬ ለአዋላጇ የደረሳት ዝናብ ሲጥል በዋለበት ቀን ነው። ማታ ስትገባ ከላይ እስከ ታች በስብሳለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ነፍሰ ጡር ሲያሻግሩ ሳንቃው ተሰብሮ ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ እስከ ጉልበቱ ሰምጦ እንደነበር፣ እሷ ቃሬዛውን በትከሻዋ ደግፋ እንዳቆመችው፣ ሴትዮዋም ጤና ጣቢያው ሳትደርስ ከድልድዩ ማዶ ዝናብ ላይ እንደወለደች ነገረችው። እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ከዚያ ባሏን ትክ ብላ አየችው።

"አንተ ታውቃታለህ አሉ" አለችው። "እስቲ ንገረኝ፤ ድመቷን ወደ ሌላ ወንዝ ማባበል አይቻልም?"

ስትቀልድ አልነበረም። ጎሚስታው ውሃ አሙቆ አመጣና ጫማዋን ፈታላት። ያን ጊዜ አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

ከቀናት በኋላ ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ባለሙያዋ የጄሶ ዱካዎቿን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ በጨርቅ ሸፍናቸዋለች። ግምገማዬን ከመጨረሴ በፊት ድመቷን አየሁ የሚል ሁሉ በሕዝብ ፊት ይናገር፣ ድመቷ ካለች ድልድዩ ይቆያል፣ ከሌለች ሥራው ይጀመራል አለች። ባለወፍጮው ቀድሞ ተነሳ። የእሱ ድመት በዚህ መሃል ወልዳ ግልገሎቿን ስታጠባ ታይታለች። ርዕሰ መምህሩ ግልገሎቹ ሦስት ናቸው ብሎ አረመው። ባለሳሙናዋም ተናገረች። ድልድዩን የጠላ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ያየውን ሳላይ ቀረሁ ማለት ግን ለማንም ከባድ ነው።

ጎሚስታው አንድ ቃል ሳይተነፍስ አሸንፎ ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ነገር ግን አጠገቡ ሚስቱ ተቀምጣለች፤ አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ይቺ ኃላፊዎቹን በጓሮ በር ያስወጣች ሴት አንገቷን ስትደፋ አይቷት አያውቅም። ተነሳ።

"ድመት የለችም" አለ።

አዳራሹ ተቆጣ።

"አንተ ስላላየሃት የለችም ማለት ነው?" አለ ባለወፍጮው።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ የፈጠርኳት።"

ባለሳሙናዋ ፈጣሪ አንድ ብቻ ነው ስትል ሕዝቡ አጨበጨበላት። ጎሚስታው ላብ አጠመቀው። ለመዋሸት እንዲህ አልተቸገረም ነበር። በመጨረሻ ከዱላው ነቅሎ፣ ሰው እንዳያገኝበት ኮቱ ውስጥ የደበቀውን የጎማ እግር አወጣ፣ የጠመኔ ዱቄት ላይ አሸው፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጫነው። ሲያነሳው የወንዟ ድመት እግር ነጭ ሆኖ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ባለወፍጮው ረዘም ላለ ጊዜ ካሰበ በኋላ "እኔ ያየኋት ሌላ ናት" ብሎ ተቀመጠ።

ባለሙያዋ ጨርቁን ገለጠች።

"አራቱም እግሯ ቀኝ ነው" አለች። "በአንደኛው ላይ ደግሞ የጎማ ጥርስ አለ።"

ያወቀችው ገና ጭቃው ላይ ሳለች ነበር። አዋላጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ፣ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላ ጠየቀቻት። ባለሙያዋም የሌለች ድመት ለመሥራት ይህን ያህል የሚለፋ ሰው አንድ የሚፈራው ነገር ቢኖር ነው፣ እሱ ራሱ እንዲነግረኝ ፈልጌ ነው አለችና ወደ ጎሚስታው ዞረች።

"መጀመሪያ የጠየቅኩዎትን ልድገመው። ድልድዩ ቢቀየር የሚጎዳ ሰው አለ?"

ጎሚስታው ሚስቱን ሳያይ መለሰ። "እኔ" አለ። "ሚስማሩ ከሌለ እኔም የለሁም።"

"ይኸው" አለች ባለሙያዋ። "ከመጣሁ ጀምሮ የምፈልገው እንስሳ ይሄ ነበር።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሥራው የሚቀርበት ሰውም እንደ ዛፉና እንደ ውሃው በግምገማው ውስጥ የሚገባ ነው፣ የግንባታ መኪኖቹ ሁሉ ጎማቸውን እሱ ዘንድ እንዲያሠሩ፣ ሱቁም አዲሱ መንገድ ዳር ቦታ እንዲሰጠው አቀርባለሁ አለች። በመጀመሪያው ቀን በርጩማው ላይ ሳለች አንድ ቃል ቢነግራት ኖሮ ነገሩ የጎማዋ ሙጫ ሳይደርቅ ያልቅ ነበር። ጎሚስታው ኩም አለ። የጎማውን እግርም ለማስታወሻ ብላ ወሰደችበት።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚስቱ ብስክሌቷን እየገፋች ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ድልድዩ ላይ ወጡ። መሃል ሲደርሱ ፒንሳውን ከኪሱ አወጣና ጎንበስ ብሎ አንድ ሚስማር ነቀለ። ሁለት ሳንቃ ተሻግሮ ሌላ ነቀለ። ፈልጎ አይደለም፤ እጁ በቀጥታ ነው የሚሄደው። ሚስቱ ቆመች።

"የት የት እንዳሉ ታውቃለህ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"የእኔን ጎማ የሚበሳውንም?"

ትንሽ ራመድ ብሎ እሱንም ነቀለና ሰጣት። ሚስማሩን ኪሷ ከተተችው፣ ብስክሌቷ ላይ ወጣች፣ ጥላው ሄደች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኩርፊያ ከባድ ነበር። ስትናገር ለእሱ ሳይሆን ለወንበሩ ነው የምትናገረው። ይህ ሰውዬ ራት ይበላ እንደሆነ ጠይቀው ትለዋለች ወንበሩን። ጎሚስታውም ለወንበሩ እበላለሁ ብሎ ይመልሳል። የድልድዩ ሥራ ሊጀመር ቀያሾች መጥተው ችካል ሲተክሉ እንኳ ደስታዋን ለወንበሩ ነገረችው። ሰውየውን ሱቁን ከማጣት ይበልጥ ይህ ጎዳው፤ ይገባኛል ብሎም ቻለው።

ዝናብ አድሮ ባባራበት አንድ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ ከበሩ ጀምሮ እስከ ድልድዩ ድረስ ጭቃው ላይ የወንዝ ድመት ዱካ አገኘ። ቆሞ ቀረ። እግሩ እኮ ባለሙያዋ ጋ ነው። ቁጢጥ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው፤ ሁሉም ግራ ናቸው።

ቀና ብሎ በሩ አጠገብ የተደገፈውን አሮጌ ጎማ አየ። እሱ ከቆረጠበት ጎን አዲስ ቁራጭ ተነስቷል። አቆራረጡ ከእሱ ይበልጥ ንጹህ ነው፤ እትብት መቁረጥ የለመደ እጅ የቆረጠው ነው። ከድልድዩ ላይ የብስክሌት ደወል ሲጮህ ሰማ፤ ሚስቱ ወደ ሥራ እየሄደች ነው፤ ዞር ብላ አላየችውም፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ያን ቀን የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ዱካውን እንዳይረግጥ በጎን ዞሮ እንዲገባ አደረገው።