የአጎት ሳኒ ስልክ

ሰፍያ የስልኩን ጀርባ ከፍታ የብየዳ ካውያዋን ስታሞቅ አጎቷ ሳኒ አናቷ ላይ ቆሞ ያጣድፋታል። ለአረፋ ከመርካቶ ወደ ቡታጅራ የሚገባ ሰው ሁሉ የተበላሸ ስልክ ይዞ ይመጣል፤ አዲስ አበባ ጠጋኝ የሌለ ይመስል። ሳኒ ደግሞ ሱቋን የከፈተላት እሱ ስለሆነ ወረፋ አያውቅም።

«እምቢ አለ አጎቴ» አለች በመጨረሻ።

«በቃ ሞቷል፣ ጣይው። ይልቅ ምደባሽ ወጣ አሉ?»

ጠዋት ኢንተርኔት ላይ አይታዋለች። «ወልቂጤ። ኢንጂነሪንግ።»

«አምስት ዓመት ተምረሽ አሁን ከምታገኚው ያነሰ ደመወዝ ልትበዪ?» ሳኒ ሳቀ። «የጎረቤቴ ልጅ ዲግሪውን ይዞ እኔ ጋ ቻርጀር ይሸጣል። መርካቶ ነይ፣ ሰፊ ሱቅ እከፍትልሻለሁ።»

እውነቱን ነበር፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ገንዘቡን ትወደዋለች። ግን አንዱን ዕቃ በሌላ ስትቀይር ስልኩ ለምን እንደሚነሳ አታውቅም። ካልተነሳም ለምን እንደሆነ አታውቅም። ይሄ ነገር ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሲቆረቁራት ከርሟል። ይህን ለሳኒ እንዴት አድርጋ ትንገረው? ያለ እሱ ፈቃድ ደግሞ መሄድ አልሆነላትም።

እናቷ ሀሊሜ ምሳ ይዛ የገባችው ያኔ ነው። ወሬያቸውን ከበር ላይ ሰምታለች፤ ወንድሟንም ጠንቅቃ ታውቀዋለች።

«ሳኒ፣ እዚያ ግቢ ስንት ተማሪ ይኖራል?»

«ኧረ ሺዎች ናቸው።»

«ስልክ የሌለው ይገኛል?»

ሳኒ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ሒሳቡ ዓይኑ ላይ ሲሮጥ ይታያል።

«ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ?» አለ ቀስ ብሎ። «ወላሂ ሰፍያ፣ ነገውኑ ሂጂ!»

ሀሊሜ ለልጇ ጠቀሰቻት። ሰፍያ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው፤ ደስታዋን ግን ማፈን አልቻለችም።

የጉዞዋ ዕለት ሳኒ ቻርጀርና ኢርፎን የሞላው ካርቶን ተሸክሞ መጣ። «ይሄ ለመነሻ ነው» ብሎ ሻንጣዋ ውስጥ ጠቀጠቀው። ዚፑ አልዘጋ አለ። ሰፍያ ካርቶኑን አውጥታ ለእናቷ አቀበለቻት።

«ይሄን አንቺ ሱቁ ውስጥ ሽጪው።»

በቦታው መፍቻዎቿንና በካልሲ የጠቀለለችውን የሳኒን ስልክ አስገባች።

«የሞተ ስልክ ምን ያደርግልሻል?» አለ ሳኒ ግራ ገብቶት።

«ምን እንደገደለው ልጠይቅልዎት።»

ዚፑ ተዘጋ።