ጨው የት ይሄዳል?

ማሩ እጁን ለአራተኛ ጊዜ ታጥቦ፣ እጅጌውን እስከ ብብቱ ሰብስቦ፣ ክንዱን የመስታወቱ ገንዳ ውስጥ ከተተና እሜቴን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረጋት። ምንም የለም። እንደ አሮጌ ጫማ ተጨማድዳ፣ ጣቶቿን ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስባ፣ አንገቷን ወደ ጎን ጥላ እንደተኛች ነው።

"ኧረ ተዋት! የታመመ እንዲህ በየደቂቃው ይጎነተላል?" አሉ አማቱ እማማ ወርቅነሽ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው።

"አልጎነተልኋትም እማማ። ነካ ነው ያደረግኋት።"

"ከነጋ ጀምሮ ስትነካካት ነው የዋልኸው። እኔ ብሆን ተነሥቼ በጥፊ ነበር የምልህ።"

እሜቴ ሰው አይደለችም። ኮራል ናት፤ የባሕር ፍጡር። ለስላሳ ከሚባሉት ወገን ሆና ድንጋይ ላይ ተጣብቃ የምትኖር፣ ቅርጿ እንጉዳይ የሚመስል፣ ደኅና ስትሆን ከአናቷ ላይ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቀጫጭን ጣቶች አውጥታ በውኃው ውስጥ የምትወዛወዝ። ከባሕር ይህን ያህል ርቃ፣ ወልድያ ላይ፣ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን አጠገብ ምን ትሠራለች የሚል ካለ ፍሬሕይወትን ይጠይቅ። ፍሬሕይወት የማሩ ሚስት ናት፤ የባዮሎጂ መምህርት። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ገንዳውን ዞሮ ያይና "ዓሣው የታለ?" ይላታል። "ዓሣ የለውም፤ ኮራል ነው" ስትለው ከንፈሩን መጦ ይሄዳል።

ፍሬሕይወት ለክረምት ሥልጠና ደሴ ከሄደች ዛሬ ሃያ ስምንተኛ ቀኗ ነው። ከገንዳው ጀርባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር ሐምሌ ሃያ ሁለት ይላል። ዛሬ ትመጣለች። ማሩን ያንቆራጠጠውም ይኸው ነው። እሜቴ ከተዘጋች አሥር ቀን አልፏታል። ከእሷ በምላጭ እየተቆረጡ በትናንሽ ድንጋይ ላይ ካደጉት አሥራ አንድ ልጆቿ ሁለቱ ቀልጠው እንደ ንፍጥ ሆነዋል። እሱ ደግሞ በስልክ በጠየቀችው ቁጥር "ተከፍተዋል፤ አበባ መስለዋል" ሲል ነው የከረመው።

መጀመሪያ አካባቢ ውሸት አልነበረም። ትታለት በሄደችው ደብተር ላይ "አንዳንዴ ቆዳ ሊቀይሩ ሲሉ ለጥቂት ቀን ይዘጋሉ፤ አትደንግጥ" ብላ ጽፋለታለች። እሱም ነገ ይከፈታሉ ብሎ "ተከፍተዋል" አላት። ነገ አልተከፈቱም። ከነገ ወዲያም። አንዴ "አበባ መስለዋል" ካለ በኋላ ደግሞ በምን አፉ ይመለስ?

ስልኩ ጮኸ።

"ሐይቅን አለፍን" አለች ፍሬሕይወት፤ ከኋላዋ የአውቶቡሱ ዘፈን ይጮኻል። "እናቴ ደኅና ናት? ዓይኗን እንዴት አደረጋት?"

"ደኅና ናቸው፤ ጠብታውን ጠዋት ጨምሬላቸዋለሁ።"

"እሜቴስ?"

"አለች። ምን ትሆናለች!"

"እስቲ ፎቶ ላክልኝ። ናፈቀችኝ እኮ።"

ማሩ ስልኩን ዘግቶ ፎቶዎቹን ወደ ኋላ ገለበጠ። እሷ የሄደች ዕለት ያነሣት፣ እሜቴ ጣቶቿን ሁሉ ዘርግታ የተንቀባረረችበት አንድ ፎቶ አለ። ላከው። ከላከው በኋላ ቀና ሲል እማማ ወርቅነሽ እያዩት ነው። ዓይናቸው ለሕክምና ከጉባ ላፍቶ እስኪያስመጣቸው ድረስ የደከመ ነው፤ ይህችን ግን አዩ።

"ምኑን ነው የላክህላት?" አሉት።

"ፎቶ ነው እማማ።"

"የመቼውን?"

ማሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሴትዮዋም አልደገሙለትም፤ ወደ ምስር ወጣቸው ተመለሱ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ማሩ ሰነፍ ሰው አይደለም። የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ፣ የቆመ ወፍጮ፣ ዝም ያለ ሞተር ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚመጣው፤ ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ፣ ከሐራ ድረስ። የሚሽከረከር ነገር አያሸንፈውም። ችግሩ እዚሁ ላይ ነው፤ የሚያውቀው ብዙ ስለሆነ የሌላውን ምክር ጨርሶ ማንበብ አይወድም። የፍሬሕይወትን ደብተር ግን አንብቦታል። "መዳብ ይገድላቸዋል፤ ከሥራ መጥተህ ሳትታጠብ እንዳትነካቸው" ይላል፤ ቀኑን ሙሉ የመዳብ ሽቦ የሚጠመጥም ሰው ነውና ይህን አክብሯል። "ጨውን በየሁለት ቀኑ ለካ" ይላል። መለኪያው ለባትሪ አሲድ ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የብርጭቆ ዘንግ። ሁለቴ ለካ፤ ሁለቴም ልክ ሆነ። ከዚያ ተወው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ውኃ ነው፤ ጨው የት ይሄዳል? አለ ለራሱ።

ደግሞ "ውኃው ሲጎድል ከቢጫው ጄሪካን ሙላ" የሚል አለ። እዚህ ላይ ማሩ ሳቀ። ቢጫው ጄሪካን ውስጥ ያለው የተጣራ ንጹሕ ውኃ ነው። በጨው የተበጠበጠው፣ እሷ የባሕር ውኃ የምትለው፣ በሰማያዊው በርሜል ያለው ነው። የባሕር ፍጡር ላይ ንጹሕ ውኃ? ተሳስታ ነው የጻፈችው አለና፣ የራሷን ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ "ቢጫው ጄሪካን" የሚለውን ሰረዘ፤ ከላዩ "ሰማያዊው በርሜል" ብሎ አረመላት። መምህርትን ማረም ደስ ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከሰማያዊው ሲሞላ ከረመ።

አምስት ሰዓት ላይ ጎረቤቱ ፍቅሩ የጭማቂ መፍጫውን ሊወስድ መጣ። ጭማቂ ቤት አለው፤ አፉም እንደ መፍጫው አያርፍም። ገንዳውን አየና "ወይ ጉድ! ሞቱ እንዴ?" አለ።

"ቀስ በል! አልሞቱም።"

"ዛሬ አይደል እንዴ የምትመጣው?"

"ዛሬ ነው።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? መብራት ጠፍቶ ነበር በላት። ሁለት ቀን ሙሉ ፓምፑ ቆሞ ነበር በላት። መብራት ኃይልን ማን ይከስሳል? ምስክር ከፈለግህ እኔ አለሁ።" መፍጫውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና እየሳቀ ወጣ።

ቀልዱን ነው፤ ግን ነገሩ ማሩን ያዘው። መብራት። እንዴት እስካሁን አላሰበውም? በዚህ ክረምት መብራት ጠፋ ቢባል ማንም ዞር ብሎ አይጠይቅም። ከገንዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ገንዳው ተመላለሰ። መብራት ጠፍቶ ነበር ፍሬ። ሁለት ቀን ፍሬ። ምን ላድርግ ታዲያ ፍሬ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እርምጃው ተገታ።

በጦርነቱ ጊዜ፣ መንገድ በተዘጋባቸው በእነዚያ አምስት ወራት ማሩ አዲስ አበባ ነበር። ሽቦ ገዝቶ ለመመለስ፣ ለሦስት ቀን ብሎ ሄዶ እዚያው ቀረ። ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ በሕይወት አለች የለችም የሚለው ሰው የለ። ፍሬሕይወት ደግሞ እዚህ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልላ ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ፓምፑ የሚሠራውን ሥራ በጭልፋ ትሠራ ነበር። በየሰዓቱ ትቀዳለች፤ ውኃው አየር እንዲያገኝ ከላይ መልሳ ታፈስሳለች። ከዘጠኝ ኮራሎች ስምንቱ ሞቱ። አንዷ ተረፈች። ማሩ ተመልሶ፣ በሩ ላይ ተቃቅፈው ካለቀሱ በኋላ፣ እጁን ይዛ ወስዳ ያሳየችው እሷን ነው። "ይቺ እሜቴ አብራኝ ነበረች" አለችው።

ለነገር አልተናገረችውም። እሱ ግን አንተስ የት ነበርህ እንዳለችው አድርጎ ሰማው፤ እስከ ዛሬም ይቆረቁረዋል። ከዚያ ወዲህ ገንዳውን ለማንም አምና ትታ አታውቅም። ለእሱ ስትተው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አሁን ታዲያ መብራት ጠፋ ብሎ፣ ለዚያውም ለእሷ!

"ና ብላ" አሉ እማማ ወርቅነሽ።

"አልራበኝም እማማ።"

"ስጠብቅህ ወጡ እሳት ላይ ሰዓት ሞላው። ና ብያለሁ!"

ቁጭ አለና ጎረሰ። አፉን አኮማተረ።

"ምነው?"

"ምንም። ጨው ትንሽ በዝቷል መሰለኝ።"

"ጨውስ በልኩ ነው የጨመርሁት" አሉ ሴትዮዋ ተቆጥተው። "አንተ ስትንጎራደድ ውኃው መጠጠ እንጂ። ውኃው ሲያልቅ ጨው የት ይሄዳል? እዚያው ነው!" ከምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያውን አንሥተው ድስቱ ላይ ንጹሕ ውኃ ጠብ ጠብ አደረጉና አማሰሉ። "በል አሁን ቅመስ።"

ማሩ አልቀመሰም። ማንቆርቆሪያውን ነው የሚያየው።

"ምን አሉኝ?"

"ቅመስ አልሁህ።"

"ከእሱ በፊት!"

"ጨው የት ይሄዳል ነው ያልሁት። ደግሞ ምን አጠፋሁ?"

ተነሥቶ ሮጠ። መለኪያው ከመሳቢያው ውስጥ፣ ከነአቧራው ነው። አለቅልቆ ገንዳው ላይ ለቀቀው። ፍሬሕይወት በአረንጓዴ ያሰመረችበት ልክ ሃያ አምስት ነው። ዘንጉ ወጣ፣ ወጣ፣ ሠላሳ ሦስት ላይ ቆመ። ማሩ ጭንቅላቱን ያዘ። በየቀኑ የሚጎድለው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። እሱ ደግሞ በየጠዋቱ በጨው ላይ ጨው ሲጨምርባቸው ሃያ ስምንት ቀን። በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ሆኖ የተጋገረውን እንኳ እያየ ጠረገው እንጂ ምንድን ነው አላለም። አለማወቁ ሳይሆን ያቃጠለው፣ አውቃለሁ ብሎ ማረሙ ነው።

ቢጫው ጄሪካን ማዕዘኑ ላይ እንደሞላ ቆሟል። ከገንዳው ቀንሶ ይህን በሙሉ ቢገለብጥበት መለኪያው በአንድ ጊዜ ልኩ ላይ ይመጣል። ፍሬሕይወት በሩን ስትከፍት ሃያ አምስት! ማንም ምንም አያውቅም። የደብተሩንም ገጽ ቀድዶ... ጄሪካኑን በሁለት እጁ አንሥቶ የገንዳው አፍ ላይ አስደገፈው።

ስልኩ ጮኸ። በትከሻውና በጆሮው መሃል ያዘው።

"መርሳ ነን" አለች ፍሬሕይወት። "ማንጎ ልግዛ ብዬ ወርጄ ነው። ማሩ?"

"ወይ።"

"መብራት ነበር እንዴ ሰሞኑን?"

እንዲህ ያለ ነገር አለ? እሱ ሳይጠይቅ ሰበቡን ራሷ ይዛለት መጣች። አለመኖሩን መናገር ብቻ ነው የቀረው፤ አንዲት ቃል።

"መብራት ነበር" አለ ማሩ። "መብራቱ ምንም አልሆነም ፍሬ። እኔ ነኝ። ደብተርሽን አርሜው ነው። ሲጎድል ከሰማያዊው ስሞላ ከረምሁ። ጨው ሠላሳ ሦስት ገብቷል። እሜቴ ከተዘጋች አሥር ቀኗ ነው። ሁለቱ ትናንሾች የሉም።"

በስልኩ ውስጥ የማንጎ ሻጮች ይጯጯኻሉ።

"ዛሬ የላክኸው ፎቶ ላይ ካላንደሩ ሰኔ ነው የሚለው" አለች በመጨረሻ። "ከውጫሌ ጀምሮ ሳየው ነው የመጣሁት። ምን ብሎ ይነግረኛል እያልሁ።"

ማሩ ካላንደሩን ቀና ብሎ አየው። መሬት ብትውጠው ደስ ባለው።

"አሥር ቀን ማሩ" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ እኮ በስልክ የምናስተካክለው ነገር ነበር። ሁለቱም ባልሞቱ።"

"ልክ ነሽ።"

"ልክ መሆን አልፈለግሁም።" አፍንጫዋን ሳበች። "አሁን ምን እያደረግህ ነው? እውነቱን።"

"ጄሪካኑን ልገለብጠው ይዤዋለሁ።"

"አስቀምጠው! በአንድ ጊዜ ከወረደባቸው የቀሩትንም ትጨርሳቸዋለህ። ቀስ በቀስ ነው፤ በቀናት ነው የሚወርደው። አሁን አንድ ኩባያ ብቻ። ከዚያ በኋላ እኔ እስክመጣ አትንካቸው። እጅህን አታስገባ። ቁጭ በል።"

"ትድናለች?"

"አላውቅም። በጭልፋም ድናለች" አለችና ዘጋችው።

ማሩ ጄሪካኑን አወረደ። አንድ ኩባያ ቀዳ፤ በዝግታ፣ በቀጭኑ አፈሰሰ። ከዚያ ወንበር ስቦ ገንዳው ፊት ተቀመጠ። እሜቴ ንቅንቅ አላለችም። እግሩ መወዛወዝ ጀመረ። መርሳ፣ ከዚያ ሲሪንቃ፣ ከዚያ ወልድያ፤ ቢፈጥን አንድ ሰዓት። አንድ ኩባያ ምን ያደርጋል? ሁለት ቢሆንስ? እሷ ኩባያ ስትል የትኛውን ኩባያ ነው? ራሱን ሲያገኘው ቆሟል፤ እጁም የጄሪካኑን ክዳን ይዟል።

ክዳኑን መልሶ አጠበቀው። ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ማድ ቤት ገባና እማማ ወርቅነሽ እግር ሥር አስቀመጠው።

"እማማ፣ ይህን ይደብቁልኝ።"

"ከማን ነው የምደብቀው?"

"ከእኔ" አለ ማሩ። "ፍሬ እስክትመጣ፣ ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ።"