በአሥር ሜትር ውስጥ

ገላኔ ያንን ስማርት ሰዓት ከእጇ አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ለመወርወር ከወሰነች ሳምንት አልፏታል። ያልወረወረችው አባቷ ሆስፒታል ስለተኙ ብቻ ነው። ከሐኪም ስልክ ለሚጠብቅ ሰው እጁ ላይ የሚነዝር ነገር መኖሩ ደግ ነው ብላ አሰበች።

ሰዓቱን የሰጠቻት እህቷ ኦብሴ ናት፤ ለራሷ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ለእሷ አሳለፈችላት። ገላኔ መካኒሳ ካለ አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጓንት አጥልቃ ደም ስትመረምር ስልክ ማንሳት ስለማትችል መጀመሪያ ላይ ሰዓቱን በጣም ወደደችው። እጇን ሲነዝራት ዓይኗን ጣል አድርጋ ማን እንደደወለ ታያለች። ቤት ውስጥ ስልኳ ሶፋ ሥር ሲገባባት ሰዓቱ ላይ አንድ ምልክት ትነካለች፣ ስልኩም ካለበት ይጮኻል። እንዲያውም የስልኳን ድምፅ ካጠፋች ወራት ሆኗታል፤ እጇ ካወቀ ጆሮዋ ምን ያደርግላታል?

ግን ሰዓቱ አማርኛ አያነብም። የሰው ስም ሁሉ ለእሱ የትንንሽ ሳጥኖች ድርድር ነው፤ ለአንድ ፊደል አንድ ሳጥን። ገላኔ ሳጥን ቆጠራ ለመደች፤ ሦስት ሳጥን ኦብሴ፣ አራት ሳጥን ባሏ ፍሮምሳ። በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ቅዳሴ ስትሰማ በእንግሊዝኛው «ብዙ ቆመሻል፣ ግብሽን መታሽ» ብሎ ርችት ይተኩስላታል። ሌሊቱን ሙሉ ስለ አባቷ ስታስብ አድራ ስትነሳ ደግሞ «እንቅልፍሽ ጥሩ አልነበረም» ይላታል፣ ያላወቀችውን የነገራት ይመስል። ባትሪውም በሁለት ቀን አንዴ ካልሞላችው ይሞታል።

የዚያን ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከክሊኒኩ ስትወጣ ባትሪው አሥራ አንድ በመቶ ነበር።

አባቷ አቶ ዱጉማ ለቡ ተወልደው ለቡ ሲያርሱ የኖሩ፣ መሬቱ በቤት ከተሞላ በኋላ ጓሯቸው ውስጥ ሁለት ላም ይዘው የቀሩ ሰው ናቸው። የሐሞት ጠጠር ሦስት ሳምንት ሙሉ አላስተኛቸውም። ለቀዶ ጥገና ፈርሙ ሲባሉ «ገላኔ እሺ ካላለች ቢላ አይነካኝም» ብለው እምቢ አሉ። ሐኪሙም ለገላኔ ነገራት፦ «ዛሬ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት እደውልልሻለሁ። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ለነገ ጠዋት ከተገኘ እሺታሽን እፈልጋለሁ። ካላገኘሁሽ ተራው ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል።» ቁጥሩን «ዶክተር» ብላ መዘገበችው። ዶክተርም አራት ሳጥን መሆኑ ትዝ ያላት ቆይቶ ነው።

መካኒሳ የታክሲው ሰልፍ ፈርሶ ሁሉም በሩ ላይ ተረባርቧል። ገላኔ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ተጋፋች። እግሯ ከመወጣጫው ሲንሸራተት ከኋላዋ ያለ ሰው ክርኗን ያዘላት፤ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጣል ያደረገ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጢሙን በደንብ የተላጨ ሰው ነው።

«እህቴ፣ ቀስ በይ፣ እንዳትወድቂ» አላት።

«ይባርክህ» አለችው። እሱ አልፏት የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷ መሃል ላይ አንዲት ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት አጠገብ ቦታ አገኘች። በሩ ተዘጋ፣ ታክሲው ተንቀሳቀሰ።

ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄዱ እጇን ነዘራት። አራት ሳጥን።

ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ሰደደች። ዚፑ ክፍት ነበር። ቁልፍ፣ መሐረብ፣ የምሳ ዕቃ። ደግማ ዳሰሰች። ስልኩ የለም። ሰዓቱ ግን እጇ ላይ መንዘሩን ቀጥሏል፤ አራቱ ሳጥኖች ብልጭ ይላሉ። ፍሮምሳ ይሁን ሐኪሙ የምታውቅበት መንገድ የለም። ጥሪው ቆመ።

ልትጮኽ አፏን ስትከፍት አንድ ነገር አየች። ከሰዓቱ ጥግ ያለችው ትንሽዋ አረንጓዴ ምልክት አልጠፋችም። ምልክቷን ታውቃታለች። ስልኳን ላቦራቶሪ ትታ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ፣ ገና ግቢውን ሳታጋምስ ትጠፋለች። ከአሥር ሜትር በላይ አትዘልቅም። አሁን ታክሲው ሩቅ ሄዷል፣ ምልክቷ ግን በርታለች። ስለዚህ ስልኩ እዚሁ ታክሲ ውስጥ ነው። የወሰደውም ሰው አብሯት ተቀምጧል።

«ምን ሆንሽ የኔ ልጅ? ላብ አጠመቀሽ» አሉ አጠገቧ ያሉት እናት።

ወደ ጆሯቸው ተጠጋች። «እናቴ፣ ስልኬን ወስደውብኛል። ሌባው እዚህ ውስጥ ነው።»

«አላህ!» እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «በይ ጩኺያ! ምን ትጠብቂያለሽ? ሹፌሩ በሩን ቆልፎ ይፈትሻቸው!»

ገላኔ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ስልክ መፈለጊያውን ምልክት ብትነካው ስልኩ ድምፁ ቢጠፋም ይጮኻል፤ ሌባው በአንድ ደቂቃ ይታወቃል። ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አይታለች። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ክሊኒካቸው ድረስ በጋሪ ተጭኖ መጥቶ ነበር። ስልክ ሰርቋል ተብሎ ገበያ መሃል ሰው ተሰብስቦ ደብድቦት ነው። ደሙን ለመቅዳት ክንዱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ ቱቦው ሳይሞላ እጇ ላይ አለፈ። ስልኩ በማግስቱ ተሰረቅሁ ያለችው ሴት ቤት፣ ትራስ ሥር ተገኘ።

«እንዳይገድሉት እፈራለሁ» አለች።

እናትየው ትኩር ብለው አዩዋት። «ቀመሪያ እባላለሁ» አሏት። «የወረደውን ሁሉ አብሬሽ አያለሁ።»

ጀርመን አደባባይ ሲደርሱ ከፊት «ወራጅ አለ!» ተባለ። ሁለት ሴቶች ወረዱ። ገላኔ ዓይኗን ከሰዓቱ አልነቀለችም። ታክሲው ተነሳ፣ ሃምሳ ሜትር፣ መቶ ሜትር ሄደ። አረንጓዴዋ አለች። ባትሪው ስድስት በመቶ ሆኗል። ሌባው ስልኩን ማጥፋት ይችላል፤ እስካሁን ያላጠፋው በሰው መሃል ማውጣት ስለፈራ መሆን አለበት። ገላኔ ግን አሁን አጠፋው፣ አሁን አጠፋው እያለች ትጠብቃለች።

ከፊቷ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ ቦርሳ ያዘለ ወጣት ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ ዞሮ አይቷታል። ልቧ እሱ ነው አላት። ቀመሪያም በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። ሰዓቱ ነዘራት፣ ዘላ አየችው፦ «የልብ ምትሽ ከፍ ብሏል። በረጅሙ ተንፍሺ።» ከእጇ በጥርሷ ነክሳ ብትነቅለው ደስ ባላት።

«ወራጅ አለ፣ ማደያው ጋ» አለ ወጣቱ።

ሊወርድ ሲነሳ ገላኔም ከወንበሯ ብድግ አለች። በሩ ተከፈተ። ምልክቱን ብነካው? ሰዎቹ ቢይዙትስ? ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ወጣቱ ወርዶ ወደ እሷ ዞረ።

«እህት፣ ነጠላሽ ወንበሩ ሥር ወድቋል። ስነግርሽ አልሰማሽም» አላትና ሄደ።

ታክሲው ሄደ። አረንጓዴዋ እንደበራች ነበረች። ገላኔ ነጠላዋን አነሳች፤ ፊቷ በሐፍረት ጋለ። ቀመሪያም አንገታቸውን ደፉ።

እንደገና ነዘራት። አራት ሳጥን። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከአርባ። ጥሪው ረዥም ጊዜ ቆየ፤ አልቆም አለ። ፍሮምሳ እንዲህ አይደውልም፣ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ይተዋል። ሐኪሙ ነው። ካልተነሳለት የአባቷ ተራ ለሌላ ሊሰጥ ነው። ጥሪው ቆመ። አራት በመቶ።

ለቡ ሲገቡ ታክሲው ውስጥ ሰባት ሰው ቀርቶ ነበር።

«ወራጅ» አለ ከኋላ ረጋ ያለ ድምፅ።

ጃኬቱን ክንዱ ላይ ያደረገው ሰው ነው። በአጠገቧ ሲያልፍ «ይቅርታ እህቴ» አላት። ገላኔ እግሯን ሰበሰበችለት። ወረደ፣ በሩ ተዘጋ፣ ታክሲው ተነሳ። ሰዓቷን አየች። አረንጓዴዋ አንዴ ብልጭ አለች። ሁለቴ። ጠፋች።

«ወራጅ!» ብላ ጮኸች። «አቁም! ወራጅ!»

ረዳቱ እየተቆጣ በሩን ሲከፍት ዘላ ወረደች። ቀመሪያ ከኋላዋ «ብቻሽን እንዳትሄጂ!» ሲሉ ሰማች፤ ቆማ ለመመለስ ግን ጊዜ አልነበራትም።

ሰውየው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በግንባታ ላይ ባሉ ሁለት ሕንፃዎች መሃል ባለችው የኮረኮንች መንገድ ይሄዳል። አይቸኩልም። ገላኔ እየሮጠች ተከተለችው። ስትቀርብ አረንጓዴዋ ተመልሳ በራች። አሁን ጥርጥር የለም። ሰውየው ቆም አለና እጁን ጃኬቱ ሥር ከተተ። ሊያጠፋው ነው።

የስልክ መፈለጊያውን ምልክት ነካችው።

ስልኳ ጮኸ። ቤት ውስጥ ስትፈልገው የሚያሰማው ያ ስለታም ጩኸት በባዶው መንገድ ላይ አስተጋባ። ሰውየውን እንደ እሳት ለበለበው። ጃኬቱን በእጁ ጨመቀው፣ ጩኸቱ ግን አልታፈነም። ገላኔ ልታቆመው ሰዓቷን ብትነካ መስታወቱ ጠቁሯል፤ ባትሪው ሞቷል። ስልኩ መጮኹን ቀጠለ።

ከሕንፃው ሥራ ጨርሰው የሚወጡ ሠራተኞች ነበሩ። አንድ ሁለት ሲሉ ተሰበሰቡ። ከመሃላቸው ሌሎቹ «ቶሌራ» የሚሉት ትከሻው ሰፊ ሰው ደረሰና የሰውየውን ኮሌታ ጨበጠ።

«የማን ስልክ ነው? እስዋ እየሮጠች፣ አንተ እየደበቅህ? ሌባ ነህ አይደል!»

«ሌባ!» አለ ሌላው። አንዱ ከመሬት የፌሮ ብረት ቁራጭ አነሳ። ከአስፋልቱ በኩል ሰው መሮጥ ጀመረ። ሰውየው አልታገለም። ፊቱ አመድ መስሎ ገላኔን ብቻ ያያታል።

በዚያች ቅጽበት ጠልታዋለች። ክርኗን ይዞ እህቴ ማለቱ ከስርቆቱ በላይ አንገብግቧታል። ቢሆንም ፌሮ የያዘውን እጅ አየች።

«ተውት!» አለች። «ወንድሜ ነው።»

«ምን?»

«ወንድሜ ነው አልኩህ! ስልኬን ይዞብኝ ወርዶ ነው የምሮጠው።»

ቶሌራ ኮሌታውን አልለቀቀም። «ወንድምሽ ከሆነ ስሙ ማነው?»

«ለታ» አለች፣ አፏ ላይ የመጣላትን።

ቶሌራ ወደ ሰውየው ዞረ። «አንተ፣ ስምህ ማነው?»

ሰውየው ምራቁን ዋጠ። «ለታ» አለ። ከዚያ ስልኩን ከጃኬቱ ሥር አውጥቶ ዘረጋላት። «እንኪ እህቴ። ልቤ ሌላ ጋ ሆኖ ነው።»

ገላኔ ተቀብላ ጩኸቱን አቆመችው። ቶሌራ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። አላመነም። ቢሆንም ኮሌታውን ለቀቀ። «በሉ አብራችሁ ሂዱ እንግዲያ» አለ፣ እጁን አጣምሮ።

ከዚህ በኋላ መለያየት አልተቻለም። ሠራተኞቹ ቆመው እያዩ ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ አስፋልቱ መራመድ ጀመሩ። ገና አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ስልኩ እጇ ላይ በራ። ዶክተር ይላል፣ በግልጽ አማርኛ።

«ወይዘሮ ገላኔ፣ ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ካላነሳሽ ልተው ነበር።»

«ይቅርታ ዶክተር። ችግር ገጥሞኝ ነው። እሺ። እሺ ብያለሁ።»

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይገባሉ። ማታ ምግብ እንዳይቀምሱ ንገሪያቸው።»

ስልኩን ስትዘጋ ሰውየው በጎን አያት። «ሰው ታሞብሽ ነው?»

«አያገባህም» አለች። ድምፅዋ እንደዚያ የሚቆርጥ መሆኑን ከዚህ በፊት አታውቅም ነበር። «ስንት ሰው እንዲህ አደረግህ? እህቴ እያልክ?»

አስፋልቱ ላይ ወደ መካኒሳ የሚመለስ ታክሲ በሩን ከፍቶ ሰው ይጠራል፤ በሩ ላይ ሕዝብ ይጋፋል። ሰውየው ወደዚያ አንድ እግሩን ሲያነሳ ገላኔ ፊቱ ቆመች።

«ታክሲው ውስጥ አትገባም።»

«እህቴ...»

«እህትህ አይደለሁም። በእግርህ ትሄዳለህ። ብትገባ ሰዎቹን እጠራቸዋለሁ፤ አሁንም እያዩን ነው።»

ሰውየው ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ አየ። ቶሌራ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሰውየው ጃኬቱን ከክንዱ ላይ አንስቶ ለበሰው። ከዚያ በአስፋልቱ ዳር፣ በአቧራው ውስጥ፣ ወደ ላፍቶ አቅጣጫ መሄድ ጀመረ። ገላኔ መብራቶች መሃል ገብቶ እስኪሰወር ቆማ አየችው።

ቤት ስትደርስ ፍሮምሳ በር ላይ ጠበቃት። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሲሰማ ቆይቶ ተነስቶ ክፍሉ ውስጥ ተመላለሰ።

«ጩቤ ቢኖረውስ? ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን የተከተልሽው?»

«እኔ እንጃ።»

«አዳንሽው እኮ። ነገ የሌላ ሰው ቦርሳ ውስጥ እጁን ይከታል።»

«አውቃለሁ» አለች ገላኔ። ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ በኮረኮንቹ ተልጦ ደምቷል፤ እስካሁን አላመማትም ነበር። «አውቃለሁ፣ ፍሮምሳ። ዛሬ ግን እዚያ ቆሜ ማየት አልቻልኩም።»

ፍሮምሳ ሄዶ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አመጣላትና እግሯ ሥር አስቀመጠው።