ውሃውን አሲዱ ላይ ያለው ማን ነው?

ብቸኝነት ለጸሐፊ ይበጃል ባዮች ይህን የሚሉት ቤተሰብ በሞላበት ቤት ተቀምጠው ነው። ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር ግን ከእህቱ ጋር ከተኳረፈ ወዲህ፣ ከጎረቤት ቴሌቪዥን በቀር የሰው ድምፅ ሳይሰማ የሚያልፍ ሳምንት ነበረው።

የተጣሉት አብረው በጻፉት የተማሪ መጽሐፍ ነው። አንድ ቦታ ላይ «ውሃውን አሲዱ ላይ ጨምሩ» ይላል። ትክክሉ ተገላቢጦሹ ነው፤ አሲድ ላይ ውሃ ያፈሰሰ፣ ፈልቶ ፊቱ ላይ ይረጭበታል። ደግነቱ ሰው ሳይጎዳ መጽሐፉ ከየትምህርት ቤቱ ተለቀመ። እሱ «አንቺ ነሽ» አለ፤ እሷ «አንተ ነህ» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጠችም።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው ይቅርታ ከመጠየቅ ማስረጃ መፈለግ ይቀለዋል፤ ሥራም ይመስለዋል። ስለዚህ ለእህቱ ልጅ፣ ለፕሮግራመሯ ደወለ።

«ጊት የሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው ያሳያል አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ። ደግሞ ማንን ልትከስ ነው?»

«እውነቱን ነው የምፈልገው!»

«እሺ፣ አትጩህብኝ፤ ጆሮዬን ገና እሠራበታለሁ።»

እሷ እየነገረችው እሱ እየጻፈ፣ የመጽሐፉ ፎልደር ውስጥ የጊት ማኅደር ከፈተ። ስሙንና ኢሜይሉን ሰጠ፤ ምዕራፎቹን በሙሉ አስገባ። ማኅደሩ ማስታወሻ ሲጠይቀው «እውነቱ ይውጣ» ብሎ መዘገበ።

«አሁን ይሄ የት ይሄዳል? ማን ያየዋል?»

«የትም አይሄድም። እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ ነው። ካንተ በቀር ማንም አያየውም።»

መልሱ ለምን እንደከበደው አልገባውም።

የአሲዱን መስመር ማን እንደጻፈው ጠየቀ። የገዛ ስሙ ወጣ። የላዩም መስመር የእሱ፣ የታቹም የእሱ። እህቱ ዓይኑ እያየ የጻፈችው መግቢያ እንኳ የእሱ ሆኗል።

«ይሄ ነገር ውሸታም ነው!»

«ጋሼ፣ ማኅደሩ የሚያውቀው ከተከፈተ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ሁሉንም ያስገባኸው አንተ ነህ፤ ሁሉም ያንተ ሆነ። ከፈለግክ ማኅደሩን አጥፋና እንደ አዲስ ክፈት፤ የእማዬን በእሷ ስም አስገባ። የትኛው የእሷ እንደሆነ የምትነግረው ግን አንተው ነህ።»

አጠፋውና ሊለይ ተቀመጠ። መግቢያው የእሷ። ስለ ጨው የሚያወራው ምዕራፍ የእሱ፤ ምሳሌዎቹ ግን የእሷ። እሱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እሷ ጨርሳዋለች፤ እሷ የሰረዘችውን እሱ መልሶታል፤ እሱ የመለሰውን እሷ አስተካክላዋለች። አሲዱ ጋ ሲደርስ የሚከሰው ሰው ጠፋው። ለእህቱ ደወለ።

«የማን እንደሆነ ያልለየሁት መስመር አለ» አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይል።

«ስንት ነው?»

«አብዛኛው።»

ሳል የመሰለ ሳቅ ሰማ። «እኔን አይጠፋኝም። የሚቆጣው መስመር ያንተ ነው።»

«እንግዲያው ነይና ለይልኝ።»

«ልጄን ልላክልህ?»

«አንቺን ነው ያልኩት።»

ስልኩን አልዘጋችም። እሱም ሌላ ቃል እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ይዞ ጠበቀ።